ባዝራዬ ጨነገፈች፣ አህያዋ ደግሞ የኋላ እግሯ ይከዳታል፦ የፈረስ ሄርፒስ ቫይረስ ሊሆን ይችላል?

ባለ ጋጣው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ጋሪ የሚጎትቱ ሁለት ፈረሶች፣ እህልና ውኃ የሚጭኑ አህዮች፣ እንዲሁም ለዘር የያዝኳት አንዲት ዳማ ባዝራ አሉኝ። በቅርቡ ከገበያ ሁለት አህዮች ገዝቼ ከነባሮቹ ጋር በአንድ ጋጣ ማደር ጀመሩ። ጥቂት ቆይቶ አንደኛው የጋሪ ፈረስ መኖ ቀነሰ፣ ከአፍንጫው ውኃ የመሰለ ንፍጥ ወረደ፣ ለጥቂት ቀናትም ሳለ፤ ከዚያ ያለ መድኃኒት ተሻለው። ሳምንታት ካለፉ በኋላ የዘጠነኛ ወር እርጉዝ የነበረችው ባዝራ አንዳች የሕመም ምልክት ሳታሳይ ሌሊት ጨነገፈች። ሽሉ ያልበሰበሰ፣ ገና አሁን የሞተ የሚመስል ነበር፤ እንግዴ ልጁም ሳይቆይ ወጥቷል።

ባዝራዋ ከጨነገፈች በኋላ ደግሞ ከነባሮቹ አህዮች አንዷ ስትራመድ የኋላ እግሯ እየተጣመረ ወደ ጎን ትወላገድ ጀመር። ጭራዋ እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል፣ ሽንቷም ሳትፈልገው ጠብ ጠብ ይላል፤ መኖ ግን ትበላለች። ጎረቤቶቼ ከፊሎቹ ምች ነው፣ ከፊሎቹ የእብድ ውሻ በሽታ ነው ይላሉ። የቀበሌያችን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ግን «ሄርፒስ ቫይረስ የሚባል አለ፤ ሦስቱንም ነገር ሊያመጣ ይችላል» አለኝና ግራ ገባኝ። ጉንፋን፣ ጭንገፋና የእግር መዛል ከአንድ ምክንያት ሊመጡ ይችላሉ? በሽታው በእኛ አገር ታይቶ ያውቃል? ልጆቼ እንስሳቱን ውኃ ስለሚያጠጡ ወደ ሰው የሚተላለፍ ከሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ። ባዝራዋን ዳግመኛ ማስጠቃት ይቻል እንደሆነና የጋሪ ፈረሶቹ ሥራ መቀጠል ይችሉ እንደሆነም ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ

ወንድሜ፣ ስለ ሄርፒስ ከመነጋገራችን በፊት ዛሬውኑ ማድረግ ያለብዎት ነገር አለ። በአገራችን የነርቭ ምልክት ያሳየ ማንኛውም አህያ ወይም ፈረስ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳለበት ተቆጥሮ ሊያዝ ይገባል። ልጆቹ ወደ አህያዋ አይቅረቡ፤ ማንም ሰው አፏ ውስጥ እጁን አያስገባ፣ መድኃኒትም በጠርሙስ አይጋታት። ምራቋ የነካው ቁስል ያለበት ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠብና ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ በየቀኑ እየከፋ ሄዶ አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ቀናት ውስጥ ይገድላል፤ አህያዋ ከዚያ አልፋ ባለችበት ከቆየች ወይም ካገገመች ጥርጣሬው በእጅጉ ይቀንሳል።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ባለሙያው የነገረዎት ትክክል ነው፤ ሦስቱም ነገሮች ከአንድ ቫይረስ ሊመጡ ይችላሉ። ቫይረሱ የሰው ከንፈር ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ከሚያወጣው ቫይረስ ጋር ቢዛመድም ሰውን አያጠቃም፤ በዚህ በኩል ስለ ልጆችዎ አይስጉ። ነገር ግን የታመመውን እንስሳ የነካ እጅ፣ ልብስና ባልዲ ቫይረሱን ወደ ጤነኛው ማድረሱ አይቀርም። የፈረስ ዘር ሄርፒስ ቫይረሶች በቁጥር ይለያሉ። ዓይነት 1 ጉንፋን መሰል ሕመምን፣ ጭንገፋንና የነርቭ ጉዳትን ያመጣል። ዓይነት 4 በአብዛኛው ከመተንፈሻ አካል አያልፍም፤ አልፎ አልፎ ግን ያስጨነግፋል። ዓይነት 3 በጥቂ የሚተላለፍና ብልት ላይ ቁስል የሚያወጣ ነው። አህዮችም የራሳቸው የሆኑ ሄርፒስ ቫይረሶች አሏቸው። እርስዎ የገለጹትን ሁሉ አንድ ላይ የሚያስረዳው ግን ዓይነት 1 ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ቫይረሱ ከታመመ እንስሳ ትንፋሽና ንፍጥ ወይም ከጋራ ገንዳና ግርግም ወደ ሌላው አፍንጫ ይገባና በመተንፈሻ አካል ሽፋን ላይ ይራባል፤ በዚህ ደረጃ የሚታየው ትኩሳት፣ ንፍጥና ሳል ነው። ከዚያ ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ በደም ይጓዛል። ሕዋሱ ውስጥ ስለተሸሸገም ሰውነት ያዘጋጀው የመከላከያ ንጥረ ነገር በቀላሉ አያገኘውም፤ ክትባት የወሰደ ፈረስ ጭምር የሚታመምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በመጨረሻ ከነጭ ሕዋሳቱ ወጥቶ የትናንሽ ደም ሥሮችን የውስጥ ግድግዳ ያጠቃል። ግድግዳው ሲቆጣ ደም ይረጋል፣ ከዚያ በታች ያለው አካልም ደም ያጣል። ይህ የደረሰው በማሕፀን ላይ ከሆነ እንግዴ ልጁ ይላቀቅና ባዝራዋ ድንገት ትጨነግፋለች። በህብለ ሰረሰር ላይ ከሆነ ደግሞ የኋላ እግር ይዝላል፣ ጭራ ይሞታል፣ ፊኛም ሽንት መቋጠር ይሳነዋል። እርስዎ ቤት ጉንፋኑ ቀድሞ፣ ጭንገፋው ከሳምንታት በኋላ መምጣቱ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ጭንገፋ ቫይረሱ ከገባ ከሁለት ሳምንት እስከ ብዙ ወራት ዘግይቶ ሊከሰት ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ነው። የነርቭ ጉዳቱ ግን ይፈጥናል፤ ትኩሳቱ ከታየ ከአንድ ሳምንት ብዙም ሳይርቅ ይመጣል። ስለዚህ አህያዋ ቫይረሱን ያገኘችው ከፈረሱ ጉንፋን ሳይሆን ከጭንገፋው ፈሳሽ ሊሆን ይችላል።

«ከገበያ የመጡት አህዮች አመጡብኝ» ብሎ ወዲያው መደምደም ግን አይቻልም። አንድ ጊዜ የተያዘ ፈረስ ቫይረሱን ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል። ቫይረሱ በፊት ነርቮችና በንፍፊት ዕጢዎች ውስጥ ይተኛና እንስሳው ሲጨነቅ፣ ማለትም ረጅም መንገድ ሲጓዝ፣ ከእናቱ ሲለይ፣ ከማያውቃቸው እንስሳት ጋር ሲቀላቀል ወይም የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ መድኃኒት ሲወጋ ነቅቶ ይራባል። የራስዎ ነባር ፈረስ በአዲሶቹ መምጣት ተረብሾ የተኛበትን ቫይረስ አንቅቶት ሊሆን ይችላል።

በአገራችን ታይቶ እንደሆነ ጠይቀዋል። ታይቷል፣ ያውም በፈረስ ሳይሆን በዋናነት በአህያ። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2011 እስከ ታኅሣሥ 2013 በተከሰቱ ወረርሽኞች የነርቭ ምልክት ካሳዩ 91 እንስሳት ላይ የአገራችን ተመራማሪዎች ከቤልጂየም ባልደረባቸው ጋር ዓይነት 1 ቫይረስን ለይተዋል፤ ከነዚህ 82ቱ አህዮች፣ 6ቱ ፈረሶች፣ 3ቱ በቅሎዎች ነበሩ። ከዚያ በፊት የነርቭ ዓይነቱ በአህያና በበቅሎ ላይ በወረርሽኝ መልክ ተከስቶ ስለመመዝገቡ የሚታወቅ ነገር አልነበረም። በአህዮች ላይ ሕመሙ የከፋ ነበር፤ ሽባ ሳይሆኑ የሞቱም ብዙ ናቸው። በሽታው የበረታውም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ እስከ ሰኔ አጋማሽ ባለው ጊዜ ነበር። በሌላው ዓለም ይህ በሽታ የውድድር ፈረሶች በሽታ ተደርጎ ይወራል፤ እኛ ዘንድ ግን የጭነት አህያ በሽታ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል የሚገባውን ያህል ያልተነገረለት።

ከአርሲ

ዶክተር የተናገሩትን አከብራለሁ፤ ሆኖም ናሙና ሳይወሰድ ሄርፒስ ነው ተብሎ እንዳይደመደም ሁለት ነገሮችን ልጨምር።

የመጀመሪያው ዱሪን ነው። በእኛ በአርሲና በባሌ ደጋ ፈረስ የሚያረባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በአብዛኛው በጥቂ ከድንጉላ ወደ ባዝራ፣ ከባዝራም ወደ ድንጉላ የሚተላለፍ፣ በዓይን በማይታይ የደም ጥገኛ የሚመጣ በሽታ ነው። ባዝራዎችን ያስጨነግፋል፣ የኋላ እግርንም ያዝላል፤ ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው እርስዎ ከገለጹት ጋር ይመሳሰላል። የሚለየው በዝግታው ነው። እንስሳው ለወራት እየከሳ ይሄዳል፣ ብልቱና ከሆዱ በታች ያለው ቦታ ያብጣል፣ አንዳንዴም ቆዳው ላይ እንደ ሳንቲም የተነፋ እብጠት ወጥቶ ይጠፋል። ባዝራዋን ያጠቃው ድንጉላ ከየት እንደመጣ ቢጠይቁ ይጠቅማል። አህያዋ ግን ከእሱ ጋር ጥቂ ከሌላት ዱሪን ሁለቱን በአንድ ላይ ሊያስረዳ አይችልም።

ሁለተኛው ጓያ ነው። ሰሜን ሸዋ፣ በተለይ የጅሩ ሜዳ፣ ጓያ የሚዘራበት አገር ነው። ጓያ አዘውትሮ የበላ ሰው እግሩ እንደሚያያዝ ሁላችንም እናውቃለን፤ ፈረስም ከዚህ አያመልጥም። የጓያ እህል ወይም ጓያ የተቀላቀለበት ገለባ ለረጅም ጊዜ የተመገበ ፈረስ የኋላ እግሩ ይደክማል፣ ሲሮጥም ከጉሮሮው የፉጨት ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ነገር ግን ጓያ ትኩሳትና ንፍጥ አያመጣም፣ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላውም አይሄድም። በዚህ ወቅት መኖ የገዙት ከየት ነው?

ድንገት የሚገድለው የአፍሪካ ፈረስ በሽታም በዚህ መድረክ ስሙ በየጊዜው ይነሳል፤ እሱ ከዓይን በላይ ያለውን ጎድጓዳ ሥፍራ በማሳበጡና በአፍንጫ አረፋ በማስወጣቱ ስለሚለይ እዚህ ላይ አልቆምበትም።

ባለ ጋጣው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጆቹን ከጋጣው አርቄያለሁ፤ ምራቋ የነካው ሰው የለም። አህያዋን ውሻ ሲነክሳት ያየ ባይኖርም በሌሊት ሆኖ እንደሆነ ማረጋገጥ አይቻልም። ገለባው የራሴ ማሳ የስንዴና የገብስ ገለባ ነው፤ ጓያ የለበትም። ባዝራዋን ያጠቃው የጎረቤት ድንጉላ ነው፤ ድንጉላውም ሌሎቹ ያጠቃቸው ባዝራዎችም ደህና ናቸው፤ እብጠትም የለም።

ባለሙያው ዛሬ መጥቶ ሲለካ ሌላኛው የጋሪ ፈረስ 39.2 ዲግሪ ትኩሳት ተገኘበት፤ ፈረሱ ግን እየበላ፣ ምንም ሳይመስል ነው የቆመው። ይህ አስደነገጠኝ። የወጣውን ሽል ውሾች እንዳያገኙት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀብሬዋለሁ፤ አውጥቼ ልመርመረው? ደግሞስ ለይተህ አቆይ ሲሉኝ አንድ በረት ላለው ሰው መለየት እንዴት ይቻላል?

በባሕረ ሰላጤ አገር የፈረስ ጋጣ የምሠራ

ስለ መለየት እኔ ልመልስ፤ በየቀኑ የምሠራው እሱኑ ነውና። ሐኪም አይደለሁም፣ የፈረስ ጠባቂ ነኝ።

በእኛ ሥራ ዓለም ይህ በሽታ ከባድ ትምህርት የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በየካቲት ወር በስፔን ቫሌንሲያ ብዙ አገሮች የሚካፈሉበት የዝላይ ውድድር እየተካሄደ ሳለ ዓይነት 1 ተነሣ። ፈረሶቹ በአንድ ትልቅ ድንኳን ጋጣ ጎን ለጎን የቆሙ ስለነበሩ በፍጥነት ተዛመተ፤ አንዳንዶቹ ወድቀው በመሬት ቀሩ። ወረርሽኙ መኖሩ ከመታወቁ በፊት ከዚያ የወጡ ፈረሶች ወደየአገራቸው ሲመለሱ ቫይረሱን ይዘው ሄዱ፤ ወደ ዶሃ ከመጡትም መካከል የተገኘባቸው ነበሩ። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በመጋቢት መጀመሪያ በአሥር የአውሮፓ አገሮች ውድድሮችን ሁሉ ሰረዘ፤ እገዳውም እስከ ሚያዝያ 11 ተራዘመ። በስዊድን ጎተንበርግ ሊደረግ የነበረው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜም ቀረ። በዚያ ወረርሽኝ 18 ፈረሶች ሞተዋል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ዩታ ግዛት ኦግደን ከተማ በተደረገ የፈረሶች ውድድርም እንዲሁ ሆኖ ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹ ከተበተኑ በኋላ በሽታው በብዙ ግዛቶች ብቅ አለ። በሁለቱም ቦታ ጉዳቱን ያመጣው ከልዩ ልዩ ሥፍራ የመጡ እንስሳትን በአንድ ላይ ማሳደርና ሕመሙ ሳይታወቅ መበተን ነው። የእኛ አገር የቅዳሜ ገበያ ከዚህ በምን ይለያል?

አሁን ወደ እርስዎ በረት። የሠለጠነ ሕንፃ አያስፈልግዎትም። ትኩሳት ያለውን ፈረስና አህያዋን ከሌሎቹ ቢያንስ አሥር ሜትር ራቅ አድርገው፣ ንፋስ ወደ ጤነኞቹ በማይነፍስበት በኩል፣ በዛፍ ሥር ወይም በላስቲክ ዳስ ያስሩ። ጤነኞቹን መጀመሪያ ያብሉና ያጠጡ፣ የታመሙትን ከሁሉ በኋላ። ለታመሙት የተለየ ባልዲ፣ ገመድ፣ አካፋና ካፖርት ይኑራቸው፤ ከእነሱ ሲመለሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ልጓም አይዋዋሱ። ቫይረሱ ስስ የስብ ልባስ ስላለው ሳሙና ያጠፋዋል፤ በረኪና ከተጠቀሙ ግን በመጀመሪያ ፍጉንና አፈሩን ጠርገው፣ አጥበው፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው ይርጩ። ፍግ ላይ የፈሰሰ በረኪና ከንቱ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ቴርሞሜትር ይግዙ። ሁሉንም እንስሳት፣ ጤነኛ የሚመስሉትን ጭምር፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታና ማታ ይለኩና በደብተር ይጻፉ። ለፈረስ ከ38.5 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ነው። አህያ በጤናዋ ከፈረስ ዝቅ ያለ ሙቀት ስላላት 38 ካለፈች ይጠራጠሩ። በእኛ ጋጣ አንድም ፈረስ ሙቀቱ ሳይለካና ሳይመዘገብ ከበሩ አይወጣም። የእርስዎ ፈረስ እየበላ 39.2 መገኘቱ ራሱ ዓይን እንደማይበቃ ያሳያል።

ባለ በቅሎ

እኔ ብሆን አህያዋን አገር በሚያውቀው መንገድ ወገቧን በጋለ ብረት አስተኩሳት ነበር። ካልሆነም ከገበያ የሚገኘውን ኦክሲቴትራሳይክሊን ከዴክሳሜታዞን ጋር አንድ ላይ መውጋት ነው፤ በቅሎዬ አንካሳ ሆና ሳለች በዚህ ተነሥታለች። ሐኪም እስኪመጣ ዝም ብሎ ማየት አግባብ አይመስለኝም።

የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ

ባለ በቅሎ ስለ መተኮስ ያሉትን በአክብሮት እቃወማለሁ። ጉዳቱ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ባሉ ደም ሥሮች ላይ ነው፤ ቆዳን ማቃጠል እዚያ አይደርስም፤ ለተዳከመች አህያ የሚጨምርላት ሕመምና ትል የሚፈላበት ቁስል ብቻ ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን ቫይረስን አይነካም፤ ሐኪም አንቲባዮቲክ የሚያዝዘው ሳንባ ላይ ሌላ ተሕዋስ ከተደረበ ወይም ፊኛ ከቆሰለ ነው። ዴክሳሜታዞን ደግሞ የተኛ ቫይረስን ከሚያነቁ ነገሮች አንዱ ነው። ከባድ የነርቭ ጉዳት ሲደርስ ለአጭር ጊዜ የሚሰጡት ሐኪሞች አሉ፣ በጉዳዩም ክርክር አለ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በረቱ ውስጥ ላሉት ሁሉ መውጋት ግን እሳት መጨመር ነው። የበቅሎዎ አንካሳነት ከዚህ የተለየ ምክንያት የነበረው ይመስለኛል።

ባለ ጋጣው፣ ሽሉን አያውጡት፤ ከበሰበሰ ምርመራ ውጤት አይሰጥም፣ እርስዎም ቫይረሱን እንደገና ይዘሩታል። ለወደፊቱ ግን ባዝራ ከጨነገፈች ሽሉንና እንግዴ ልጁን በጓንት ይዘው በላስቲክ ጠቅልለው፣ በጥላ ሥር ቀዝቀዝ አድርገው ለባለሙያው ያሳውቁ፤ ጉበቱ፣ ሳንባውና ጣፊያው ከሁሉ የተሻሉ ናሙናዎች ናቸው። በሄርፒስ የሞተ ሽል ጉበቱ ላይ የስንዴ ፍሬ የማያክሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች፣ ሳንባው ውስጥም ፈሳሽ ሊገኝ ይችላል፤ ጭንገፋው የወረደበት መሬትና ጉዝጓዝ ደግሞ በቫይረስ የተሞላ ስለሆነ ጉዝጓዙን ያቃጥሉ።

አሁን ከሁሉ የሚጠቅመው ናሙና የሚገኘው ትኩሳት ከጀመረው ፈረስ ነው። ባለሙያው ረጅም እጀታ ባለው ጥጥ የአፍንጫውን ውስጥ ጠርጎ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ባለበት ብልቃጥም ደም ቀድቶ፣ በበረዶ አድርጎ በወረዳው በኩል ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይላከው። ከአህያዋም ይውሰድ፤ የነርቭ ምልክት ሲታይ ግን ቫይረሱ ከአፍንጫና ከደም መጥፋት ስለሚጀምር ከእሷ ባይገኝ «ሄርፒስ አይደለም» ማለት አይቻልም። ሌላው መንገድ አሁን አንድ ጊዜ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ሌላ ጊዜ ደም ወስዶ በውስጡ ያለውን የመከላከያ ንጥረ ነገር መጠን ማነጻጸር ነው፤ አራት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ በቅርቡ መያዟን ያመለክታል። አህያዋ ከሞተች ጭንቅላቷን ማንም አይክፈት፤ ለእብድ ውሻ ምርመራ ባለሙያው ራሱ ይውሰደው።

ለሕክምናው ነቅሎ የሚያድን መድኃኒት የለም። ቫላሳይክሎቪር የሚባል ለሰው የተሠራ ክኒን በውጭ አገር ለፈረሶች ይሰጣል፤ የሚረዳውም ገና በትኩሳቱ ጊዜ፣ የነርቭ ምልክት ሳይመጣ ሲጀመር ነው። ለአንድ ፈረስ የሚያስፈልገው ብዛትና ዋጋ ግን ለባለ ጋሪ የሚቀመስ አይደለም። ባለሙያው እንደ ፍሉኒክሲን ያለ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ሊሰጥ ይችላል። የቀረው የእርስዎ ድካም ነው። አህያዋ በማያንሸራትት ደረቅ መሬት ላይ ወፍራም ገለባ ይነጠፍላት፤ መኖና ውኃ አንገቷን ሳታጎነብስ በሚደርስበት ቁመት ይቀመጥ። ከተኛች በየጥቂት ሰዓቱ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው አገላብጧት። ሽንቷ ከእግሮቿ መካከል ይታጠብ፣ ቅባትም ይቀባ፤ አለዚያ ቆዳዋ ይላጣል። ፊኛዋ ሞልቶ ካልወጣላት በቱቦ የሚያወጣው ሐኪም ብቻ ነው። ቆማ ከቀጠለች የመዳን ተስፋዋ ጥሩ ነው፤ ሙሉ ጥንካሬዋ ለመመለስ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፤ ጥቂት መወላገድ ሊቀርባትም ይችላል። ወድቃ ከሁለት ቀናት በላይ መነሣት ካቃታት ግን ተስፋው ጠባብ ስለሆነ እንዳትሠቃይ ከባለሙያው ጋር መነጋገር ይኖርብዎታል።

ክትባት አለ፤ ዓላማው የመተንፈሻ ሕመሙንና ጭንገፋውን መቀነስ ሲሆን ለእርጉዝ ባዝራዎች በአምስተኛው፣ በሰባተኛውና በዘጠነኛው ወር ይሰጣል። የነርቭ ዓይነቱን ይከላከላል ተብሎ የተፈቀደ ክትባት ግን የለም። ቢሾፍቱ የሚመረተው የፈረስ ክትባት ለአፍሪካ ፈረስ በሽታ ስለሆነ ለዚህኛው አይሠራም፤ ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙዎች ናቸው።

ባዝራዋን በተመለከተ መልካም ዜና አለ። ይህ ቫይረስ ማሕፀንን በዘላቂነት አያበላሽም፤ አብዛኞቹ ባዝራዎች ዳግመኛ አርግዘው ጤነኛ ውርንጭላ ይወልዳሉ። ከብልቷ የሚወርደው ፈሳሽ ይድረቅ፣ የመለያው ጊዜ ይለቅ፣ የመጀመሪያውንም የፍላጎት ጊዜ ያሳልፉና በሁለተኛው ለድንጉላ ያቅርቧት።

የጋሪ ፈረሶቹ ነገር ግን ከባድ ነው፣ የዕለት እንጀራ ጉዳይ መሆኑን አውቃለሁ። ትኩሳት ያለው ሥራ ጨርሶ አይነካም። ሌላውም ቢሆን የመጨረሻው እንስሳ ትኩሳቱ ወይም ምልክቱ ከጠፋ 21 ቀናት እስኪያልፉ ከግቢ ባይወጣ ይሻላል፤ የጋሪ ፈረሶች ተራ ሲጠብቁ አፍንጫ ለአፍንጫ ስለሚቆሙና በአንድ ገንዳ ስለሚጠጡ ከተማውን ሁሉ ሊያዳርስ ይችላል። ጊዜው እንዳይራዘምብዎ እንስሳቱን ዛሬውኑ በሦስት ቡድን ይክፈሏቸው፦ የታመሙት፣ ከታመሙት ጋር ያደሩት፣ ጨርሶ ያልተገናኟቸው። እያንዳንዱ ቡድን በየራሱ ቢጠበቅና ቢለካ አንዱ ቡድን ውስጥ አዲስ ትኩሳት ሲነሣ የሌላው ቀን ከዜሮ አይጀምርም። አንድ እንስሳ እንኳ በቡድኖቹ መካከል ከተዘዋወረ ግን ክፍፍሉ ፈረሰ ማለት ነው።

ባለ ጋጣው (ጠያቂ)

ዛሬ ናሙናው ተወስዷል፤ ቡድኖቹንም ለይቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ጨርሰው ካልተገናኙት መካከል አንዲት እርጉዝ አህያ አለች። የት ላድርጋት?

የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ

እሷን ከሦስቱም ለይተው ብቻዋን ወይም ጸባይዋን ከምታውቃት አንዲት ጤነኛ አህያ ጋር፣ ከሁሉ በራቀው ጥግ ያቆዩዋት፤ አህያ ብቻዋን ስትሆን እንደምትጨነቅ ያውቃሉ። በየቀኑ የመጀመሪያዋ ተመጋቢ እሷ ትሁን። እስክትወልድ ድረስ ወደ ገበያ አትሂድ፣ ከገበያ የመጣም እንስሳ አይቀላቀላት፤ ትኩሳቷ ከፍ ካለም በዚያው ዕለት ለባለሙያው ይደውሉ።